ስላልቆመው ድንጋይና በቀይ ስለተጻፈው ርእስ

ይድረስ ለእትዬ እኅተማርያም፤ አሶሳ።

ከአንድ እናት ከወጣነው መካከል ለቀሩልኝ ለእርስዎ፣ የባሌ ጭጋግ የማያግደው፣ የመንገዱ ርዝመት የማያደክመው ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የአሶሳ ሙቀት ተስማምቶዎታል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እውነት ነው ወይስ ተክለማርያም እናቱን ናፍቄ እንዳልጨነቅ ብሎ የፈጠረው ነው? ዓይንዎስ? መነጽሩ ተለውጦ መጣ ወይስ አሁንም ባንድ እጅዎ ደግፈው ይዘውት ነው ዳዊት የሚደግሙት? የምራትዎ የሸዋዓለም ወገብስ ተሻላት? መንትዮቹ ፊደል ቆጠሩ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። መቅዲም ደኅና ናት፤ ከሥራዋ ስትመለስ «ለአክስቴ ጻፍክላት?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ሮቤ ዝናቧን ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሲወርድ የጋሪ ፈረሶቹ ጩኸት ይሰማል እንጂ ፈረሱ አይታይም። ብርዱን እርስዎ እንደተዉት አለ፤ የትም አልሄደም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።

እትዬ፣ የሰኔ ጾም በገባ በማግስቱ ደውለው «ለሰው ሁሉ የመቃብር ድንጋይ ስትጠርብ የኖርክ ሰው የሚስትህን ድንጋይ ሦስት ዓመት ሙሉ የማታቆመው ምን ሆነህ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም «ዝናቡ ነው» አልኩዎ። ዋሸሁ። ለታላቅ እኅቴ፣ ያውም በጾም። በስልክ እውነቱን እንዳልናገር መቅዲ አጠገቤ ነበረች፤ ደግሞም ያለብኝ ነገር በስልክ የሚነገር አይደለም። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የአሶሳ ተማሪ ለክረምት ወደ አገሯ ልትመለስ ስለሆነ በእሷ እጅ ልልክልዎ ይህን ጻፍኩ። አንብበው ይፍረዱኝ። ነገሩ ቅናት ነው፤ በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ያውም በሞተች ሚስት የመጣ ቅናት።

ድንጋዩ ከአጥሩ ጥግ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆይቷል። ከጊኒር በኩል የመጣ ነጭ ድንጋይ ነው፤ እኔ ራሴ ሄጄ የመረጥኩት፣ ስንጥቅ የሌለው። «ሠርከአዲስ» የሚለውን ስሟን በአራት ጣት ቁመት ጠረብኩት። ከሥሩ የክርስትና ስሟን፣ ወለተ ሚካኤል፣ በሁለት ጣት ተኩል። ከሥሩ የልደቷንና የዕረፍቷን ዘመን በአንድ ጣት ተኩል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሐዘኑ አልለቀቀኝም፤ ይህን ሁሉ ግን ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት ጨርሼ ነበር። የቀረችው የመጨረሻዋ መስመር ነበረች። «የገብረ መድኅን ባለቤት» ብዬ ልጽፍባት በእርሳስ አስምሬ ነበር። እጄ እምቢ ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው። ሦስተኛ ሙት ዓመቷ ደግሞ ሰኔ ሃያ አንድ፣ የዛሬ ሳምንት ነው። ያችን መስመር ባዶ ትቼ ድንጋዩን ባቆመው የጎባ ሰው ምን ይለኛል? ሞልቼ ባቆመውስ ውሸት ቢሆን? እያልኩ ሰነበትኩ።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ሠርከአዲስ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎባ አማርኛ አስተማረች። ስትሞት አሥራ አንድ ወፋፍራም ደብተሮች ትታ ሄደች። እኔ የትምህርት ዝግጅት ነው ብዬ አንድም ቀን ገልጬ አላየኋቸውም፤ የእጅ ጽሑፏን ለማየትም አቅም አልነበረኝም። ሴና የምትባል የድሮ ተማሪዋ አለች። የዚሁ የሮቤ ልጅ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት መጥታ «አባባ፣ ቲቸር በደብተሮቿ መሃል ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ሰው የጻፈችው ብዙ ነገር አለ። በብሎግ ላውጣውና ተማሪዎቿ ያንብቡት» ብላ ለመነችኝ። ብሎግ ሰው በኢንተርኔት የሚያወጣው ጽሑፍ ነው፤ ተክለማርያም በስልኩ ያሳይዎታል። ሰጠኋት። ሚያዝያ ላይ ደብተሮቹን በፌስታል አድርጋ መለሰችልኝ፤ ጽሑፉም ወጣ። መቅዲ ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ።

እትዬ፣ ርዝመቱ! በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ብገፋው ብገፋው አያልቅም። መሃል መሃሉ ላይ ርእስ አለው። ግን ርእሱ ሁሉ አንድ ነው፤ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ቁመት። የትኛው አባት፣ የትኛው ልጅ፣ የትኛው የልጅ ልጅ እንደሆነ አይለይም። ፈረንጅ ቢሆን ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል አለው፤ የኛ ፊደል ግን ሁሉም እኩል እንደቆመ ሰልፈኛ ነው፤ በሌላ ነገር ካልለዩት አለቃውና ጭፍራው አይታወቅም። ስልክ ላይ ሲያወፍሩት ደግሞ ሆዱ ይደፈናል፤ «ጠ» ይሁን «ጨ» ተጠግተው ካላዩ አይለይም። መቅዲ ግማሹ ላይ ደርሳ «አባዬ ረጅም ነው፤ የቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አልገባ አለኝ» ብላ ተወችው። እኔ ግን የሚስቴ ነውና አልተውኩትም። ምነው በተውኩት።

«ቤቴ» የሚል ርእስ ላይ ደረስኩ። እንግዲህ እኔ እዚህ ነኝ አልኩ። ከሥሩ ያለው ሁለት መስመር ነው፦ «ጣሪያው በማድ ቤቱ በኩል ያፈሳል። አጥሩ ወደ መንገድ ዘሟል።» አለቀ። ከዚያ ቀጥሎ በዚያው ቁመት፣ በዚያው ውፍረት ሌላ ርእስ መጣ፦ «ፍቅረየሱስ»።

ፍቅረየሱስን ያስታውሱታል። እኔ ሠርከአዲስን ከመጠየቄ በፊት ሽማግሌ ልኮ የነበረው፣ አብሯት ሲያስተምር የኖረው መምህር። አባቷ እምቢ አሉት። ለእኔ ለምን እሺ እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ድንጋይ ጠራቢ፣ እሱ ዲፕሎማ የያዘ፣ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ፊደሉ ጌጥ የሚመስል ሰው ነው። ነገሩን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። ለካስ የተዳፈነ ፍም ኖሯል።

ከስሙ ሥር የመጀመሪያው መስመር «ከቢሮ ሁለት ፓኬት ጠመኔ ወስዷል፤ ይመልስ» ይላል። ፈገግ አልኩ። ቀጠልኩ። እንዲህ ይላል፤ አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እጁ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ቀሚሴ ላይ ሲቀር አላራግፈውም። ፊደል ሲጽፍ አይቸኩልም። አንዷን ፊደል ጨርሶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄድና አንገቱን ሰበር አድርጎ ያያታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሱን አያለሁ፤ መቆሜን አያውቅም። ብዙ አይናገርም። ሊናገር ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ ይተወዋል። ያን የተወውን ነገር ሰብስቤ ብጽፈው ከዚህ ሁሉ ደብተር ይበልጥ ነበር።» እንዲህ እያለ አንድ ገጽ ሙሉ ይወርዳል።

ጠመኔ፣ ነጭ ብናኝ፣ የክፍል በር፣ ፊደል። ሌላ ማን ይሆናል? ስሜን ፈለግሁ። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ። ገብረ መድኅን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ለሚያፈሰው ጣሪያ ሁለት መስመር፣ ለፍቅረየሱስ አንድ ገጽ፣ ለእኔ ባዶ። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ትራስ ላይ የተኛሁ ሰው የዘመመ አጥር ያህል እንኳ አልሆንኩም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብነግርዎ ያፍሩብኛል፤ ግን ልንገርዎ። ዳዊቴን ስደግም አንደበቴ ይላል፣ ልቤ ግን ጎባ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ያደባል። ፌስታሉን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩት፤ አልፈታሁትም። በእጇ የጻፈችው ደግሞ ከዚህ የባሰ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ቅዳሴ አስቀድሳለሁ፣ ቁርባን ግን ተውኩ፤ ቂም ይዞ ወደ ሥጋ ወደሙ መቅረብ እሳት መጨበጥ ነውና። የጰራቅሊጦስ ዕለት ጎባ ደጀ ሰላሙ ላይ ፍቅረየሱስ ምርኩዙን ይዞ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘርግቶ «ገብረ መድኅን፣ ለሙት ዓመቷ ወንበሩን እኔ አመጣለሁ፤ አታስብ» አለኝ። እኔ እጁን አየሁት። ያ እጅ ነው አልኩ። «የቤታችንን ጉዳይ እኛው እንጨርሰዋለን» ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። ሽማግሌው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሰው አየ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ድንጋዩ ላይ ያለችውን የእርሳስ መስመር በምራቄ አርሼ ጠረግኋት። ያልሆንኩትን ምን ብዬ እጽፋለሁ? ድንጋይ ላይ የተጻፈ ውሸት ከጠራቢው ጋር አብሮ አይሞትም።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደዞረ ይስሙኝ። ባለፈው ሰኞ ሳሙና ልገዛ ከጎረቤቴ ከዓብዱልፈታሕ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ ዙሀይራ ከጓሮ «እሱ ምሳውን ይምጣና ይብላ፤ በረደ» ብላ ተጣራች። ዓብዱልፈታሕ ሳቀና «አየህ ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ወላሂ ስሜን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። እሱ መጣ፣ እሱ ሄደ። መታወቂያ ባይኖረኝ ስሜ እሱ ነው ብዬ እሞት ነበር» አለኝ። ዙሀይራ የዋዛ አይደለችም። መጋረጃውን ገልጣ «ቤቴ ውስጥ ስንት ወንድ ኖሮ ነው በስም የምለየው?» አለችው።

እትዬ፣ ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። ዓብዱልፈታሕ ከኋላዬ «ጋሼ! ጋሼ ምን ነካህ?» ይላል። ሠርከአዲስም እኮ በሕይወቷ ስሜን ጠርታ አታውቅም! «አንተ» ነበር የምትለኝ፤ ለሰው ስታወራ ደግሞ «እሱ»። በዚያ በፍቅረየሱስ ርእስ ሥር ያለውን በልቤ ደገምኩት። እሱ፣ እሱ፣ እሱ ነው የሚለው። ፍቅረየሱስ የሚለው ስም ከርእሱ በቀር አንድም ቦታ የለም።

ፌስታሉን አወረድኩ። ሰባተኛው ደብተር ላይ አገኘሁት። የሠርከአዲስ አጻጻፍ ሥርዓት አለው። ትልቁን ርእስ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ታሰምርበታለች፤ ከሱ ሥር የሚገባውን አንድ ጊዜ፤ ከዚያ የሚያንሰውን ሳታሰምር ገባ አድርጋ በሰረዝ ትጀምረዋለች። «ቤቴ» ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት ከገጹ ግርጌ ተቀምጧል፤ ሁለቱ መስመሮች ከሥሩ። ገጹን ገለጥኩ። ቀጣዩ ገጽ አናት ላይ፣ አስቀድማ ለማስታወሻ ብላ የጻፈቻት፣ «ፍቅረየሱስ» ብላ የምትጀምረው ያቺ የጠመኔ ነገር አለች። ምንም አልተሰመረባትም። ከእሷ ሥር በሌላ ቀለም፣ ከፊተኛው ገጽ በቀጠለው በዚያው ሰማያዊ ቀለም፣ ስለ «እሱ» ይቀጥላል። ማስታወሻዋን ዘልላ የቤቷን ጉዳይ ነው የቀጠለችው። ጣሪያው፣ አጥሩ፣ እሱ።

ታዲያ ፍቅረየሱስ እንዴት ርእስ ሆነ? «ፍቅረ» በጥቁር ተጽፎ «የሱስ» የሚለው በቀይ ነው። የሠርከአዲስ አባት ቁም ጸሐፊ እንደነበሩ ያውቃሉ። በብራናው ሥርዓት የጌታን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ነው የሚጽፉት፤ በሰው ስም ውስጥ ቢገባም እንኳ። ከአባቷ የወረሰችው ነው። በቀይ የከበረው ጌታዬ ነው እንጂ ፍቅረየሱስ አይደለም።

በገጹ ዳር ደግሞ በእርሳስ፣ ሴና ሳታነበው ያለፈችው አንድ መስመር አለ፦ «ዛሬም የሰው መቃብር ላይ ሐረገወይንን በሃሌታው ሀ ጽፎ መጣ። አረምኩት። ተኮራረፍን።» ያን ቀን አስታውሰዋለሁ! ድንጋዩን እንደገና ስጠርብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለቱንም ቀን አላናገርኳትም። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ነጩ ብናኝ የድንጋዬ ብናኝ ነው። በሩ የጓሮዬ በር ነው። ጉሮሮውን የሚጠርገው እኔ ነኝ፤ ይህን እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር። መቅዲን ብጠይቃት «አባዬ፣ አንተ እኮ ገና ከበር ስትገባ በጉሮሮህ ነው የምናውቅህ» ብላ ሳቀችብኝ።

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ሴና ቢሮ ሄድኩ። «አከም ጂርታ አባባ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ነገሩን ስነግራት ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ያ ረቢ! እኔ የት አውቄ አባባ? ተማሪ ሆነን ቀይ እስክርቢቶ ካየን ወይ ስሕተት ነው ወይ ርእስ ነው። ቲቸር ደግሞ ስሕተት አትጽፍም!» አለችኝ። ቀዩን ሁሉ ርእስ አድርጋው፣ የተሰመረበትንም ሁሉ ርእስ አድርጋው፣ አንድ ላይ አወፍራው ኖሯል። ሳቄ መጣ። ልቆጣት ሄጄ ነበር።

ከዚያ አብረን ተቀመጥን። ርእሶቹን በሦስት ደረጃ ለይታ አሳየችኝ። አየሁና «ልጄ፣ ይሄ አልተለየም» አልኳት። ድንጋይ ላይ ልዩነቱ ግማሽ ጣት ብቻ ከሆነ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ለሚያየው የጠራቢው ስሕተት ይመስላል። ከለየህ አይቀር ለይ ነው ደንቡ። ትልቁን በደንብ አሳደገችው። ውፍረቱን ለትልቁ ብቻ ተወችለት፤ መካከለኛውን ሳስቶ ግን ከጽሑፉ ከፍ እንዲል፣ ትንሹን በጽሑፉ ቁመት ሆኖ በሰረዝ ገባ እንዲል አደረገችው፤ ልክ እንደ መምህሯ። ሌላም አየሁ። ርእሱ ከላዩም ከሥሩም እኩል ርቆ መሃል ሜዳ ላይ ቆሟል። «ይሄ የማን ነው?» አልኳት። ርእስ ቆብ ነው፤ ከራሱ ሰው ራስ ላይ ይጠጋ እንጂ። ከላይ ክፍተቱን አስፍታ ከሥር አጠበበችው። ቀዩን ለርእስ እንዳታደርገው ለመንኳት፤ የጌታና የቅዱሳን ስም በጽሑፉ መሃል በቀይ ይሁን፣ ርእሱ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን አልኩ። እሷም «እሺ አባባ፣ ግን በቀለም ብቻ አንለየውም፤ ዓይናቸው ቀለም የማይለይ ሰዎች አሉ» አለችኝ። ጎበዝ ልጅ ናት። ከአያቱ ወደ ልጅ ልጁ ዘልሎ የሚሄድ ርእስም አገኘችና ወደ አባት ደረጃ ከፍ አደረገችው። አናቱ ላይ ደግሞ ሰው የፈለገው ጋ ቶሎ እንዲደርስ ርእሶቹን በማውጫ ደረደረቻቸው።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ፍቅረየሱስ የሚለውን ስም ከርእስነት አውርዳ ትንሽ ማስታወሻ ስታደርገው ደስ አለኝ። «ትንሽ ቀነስ አድርጊው» ብዬ ሁለት ጊዜ አስቀነስኳት። ሦስተኛ ልል ስል አፈርኩ። ይቅር ይበለኝ።

ሴና ግን ፈተና አመጣችብኝ። «አባባ፣ አንባቢው እሱ የምትለው ማን እንደሆነ እንዲያውቅ ቤቴ ከሚለው ሥር ‹ገብረ መድኅን› ብዬ ርእስ ልጨምር? በሁለተኛው ደረጃ?» አለችኝ። ሁለተኛው ደረጃ ለምን ይሆናል፣ አንደኛው ነው እንጂ፤ ልቤ ያለው እንደዚያ ነው። ስሜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በአራት ጣት ቁመት ታየኝ። የጎባ መምህራን ሁሉ ሲያነቡት ታየኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሰማሁት፤ ራሴን ስጠርግ ሰማሁት። ከዚያ «ተዪው ልጄ። እሷ ያልጻፈችውን ርእስ እኛ አንጽፍባትም» አልኳት።

ሐሙስ የሰኔ ሚካኤል ጎባ ሄድኩ። ፍቅረየሱስ ከግንቡ ሥር ተቀምጧል። ሲያየኝ ዓይኑን መለሰ፤ እውነት አለው። ፊቱ ቆሜ ደብተሩን ገለጥኩና «የመንግሥት ንብረት ወስደሃል፤ መዝገብ ላይ ተገኝቶብሃል» ብዬ የጠመኔውን መስመር አነበብኩለት። መነጽሩን አድርጎ አየው፤ የእጅ ጽሑፏን ለየ። ሳቁ በሳል እስኪያቋርጠው ሳቀ። «አንዱን መልሻለሁ! ሁለተኛውን ራሷ ናት ክፍሏ ይዛ የገባችው፤ አሁን ማን ይመስክርልኝ? በሰባ ዓመቴ ሌባ አድርጋኝ ሞተች!» አለ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። በመጨረሻ «አንተ በእኔ ቀናህ? ደወል ሲደወል ከሁላችን ቀድማ ቦርሳዋን ይዛ የምትወጣው እኮ ወደ እኔ አልነበረም» አለኝ። ተሳሳምን። ወንበሩን እሱ ያመጣል።

ታዲያ ቅናቴ ወጣልኝ ወይ ቢሉኝ፣ አልወጣልኝም እትዬ። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ «አሁንስ በማን ትቀናለህ?» አሉኝ። በዚያ ሰው ነው የምቀናው። በእሱ። በሩ ላይ ቆማ የምታየው፣ ብናኙ ቀሚሷ ላይ የሚቀርላት፣ ዝምታው ከአሥራ አንድ ደብተር የሚበልጥላት ሰው። አብሬው ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሬ አንድ ቀን አላገኘሁትም። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ባያት ኖሮ በሩ ላይ አገኛት ነበር። እኔ ፊደሌን ሳይ ኖርኩ። ነፍስ አባቴ የሰጡኝ ንስሓ ሌላ ነው፤ ይህኛውን ግን እስክሞት የምሸከመው ይመስለኛል።

ትናንት ላስቲኩን ገፈፍኩ። መሮዬን ሳልኩ። «ሚካኤል» የሚለውን በቀይ ቀለም ቀባሁት፤ አባቷ ቢያዩት ደስ እንዲላቸው። የመጨረሻዋን መስመር በአንድ ጣት ቁመት፣ ከሁሉ አሳንሼ ጠረብኳት። ስሜን አልጻፍኩባትም። «ያቆመላት እሱ ነው» ትላለች። ይህችኑ ብቻ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ አየኋት፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞር አልኩ።

ሰኞ ድንጋዩ በአይሱዙ ጎባ ይሄዳል። ሰው ቆሞ «እሱ ማን ነው?» ይል ይሆናል። ይበል። በእሷ ቤት ስንት ወንድ ነበረና?

እንግዲህ እትዬ፣ ሰኔ ሃያ አንድን በጸሎት ያስቡልኝ፤ መምጣት ባይችሉም አሶሳ ሆነው አንድ ሻማ ያብሩላት። ተክለማርያምን ይሳሙልኝ፤ መንገዱ ሲመች ይዞዎት ይምጣ፤ ድንጋዩን አሳየዋለሁ። ለሸዋዓለም፣ ወገቧን በቅባት አሽታ በመቀነት ትሰረው፤ ከባድ እንዳታነሣ ይበሉልኝ። ለመንትዮቹ፣ ሃሌታው «ሀ»ንና ሐመሩ «ሐ»ን ለይተው ካልጻፉ የአያታቸው ወንድም አንድ ድንጋይ ሁለት ጊዜ እንደጠረበ ይንገሩልኝ። መቅዲ ጉልበትዎን ትስማለች። ዓብዱልፈታሕና ዙሀይራ «ሰላም በልልን» ብለዋል፤ ሳሙናውንም ልከውልኛል። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ፊትዎን ሳያሳየኝ አይውሰደኝ።

ታናሽ ወንድምዎ፣
ገብረ መድኅን (በብዙኃኑ «ኅ»፤ እሷ እንዳረመችኝ)

ሮቤ፣ ባሌ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.